ሰሜን ተራሮች በጥር፦ በ4 ቀን ራስ ዳሽን ይደረሳል?

ሜሪላንዷ
ሰላም ወገኖች። ጥምቀትን ጎንደር አክብረን በዚያው ሰሜን ተራሮች ለመውጣት አስበናል። 4 ሰዎች ነን፤ እኔና ባለቤቴ ከሜሪላንድ፣ ወንድሜና ሚስቱ ከአዲስ አበባ። እኛ ጥር 8 አዲስ አበባ እንገባለን። ያሰብነው እንዲህ ነው፦

ጥር 13፦ ከጎንደር በመኪና ቀጥታ ጨነቅ ካምፕ፣ እዚያው አዳር።
ጥር 14፦ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ አምቢቆ መንደር።
ጥር 15፦ ራስ ዳሽን ደርሶ መልስ።
ጥር 16፦ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር።

ባለቤቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። የወንድሜ ሚስት ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ሁላችንም በእግር መሄድ እንወዳለን፤ ድንኳን ውስጥ ግን አድረን አናውቅም። ፕላኑ ያስኬዳል? ምን ይዘን እንምጣ፣ ምኑን እዚያ እንከራይ?

ቀስ በቀስ
እህታችን፣ በሰላም ያግባችሁ። ፕላኑ የሚበላሸው መጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር። በመኪና በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥታችሁ እዚያው ልትተኙ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚተኙበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው የተለመደው ደንብ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ መመለስ ብዙም አይጎዳም፤ ወሳኙ የምታድሩበት ከፍታ ነው።

ሰሜን ተራሮች ሰው የሚያሳስተው የመኪና መንገድ ስላለው ነው። በእግር ቢሆን ወደድንም ጠላንም ቀስ ብለን እንወጣ ነበር። መኪናው ግን ሳያደክመን ጨነቅ ያደርሰናል፣ ከሰዓት በኋላ ደህና ነን፣ ፎቶ እንነሳለን፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ሌሊት ነው። ማለዳ ላይ ደግሞ የእናንተ ፕላን ቧሂትን ውጡ ይላል።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። ጨነቅ ላይ የታመመ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ደባርቅ ይወርዳል። ቧሂትን ከተሻገራችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ይወርድና እንደገና ወደ አምቢቆ 3,200 ይወጣል። አምቢቆ ያደረ ሰው ሌሊት ቢታመም ወደ ወንዙ መውረድ ይችላል፤ ጨነቅ ወዳለው መኪናና ወደ ሐኪም ለመድረስ ግን ከ4,200 ሜትር የሚበልጠውን የቧሂት በር መልሶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቧሂትን መሻገር ያለበት ግጭና ጨነቅ አድሮ ራሱን የፈተነ ሰው ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦

ጥር 13፦ ጎንደር–ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምዝገባ፣ ከዚያ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከቡይት ራስ በእግር ሳንቃበር (3,250)። ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚወስድ ቀላል መንገድ ነው።
ጥር 14፦ ሳንቃበር–ግጭ (3,600)፣ በጅንባር ፏፏቴ በኩል። ከ5 እስከ 7 ሰዓት።
ጥር 15፦ ግጭ–እሜት ጎጎ (3,926)–ጨነቅ (3,620)። ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ረጅም ቀን ነው።
ጥር 16፦ ጨነቅ–ቧሂት–አምቢቆ። ከ8 እስከ 9 ሰዓት።
ጥር 17፦ ራስ ዳሽን (4,550 አካባቢ) ደርሶ መልስ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት።
ጥር 18፦ አምቢቆ–ጨነቅ፣ አዳር። ጥር 19 ጠዋት መኪና።

4 ቀን ብቻ ካላችሁ ጥር 16 ጠዋት ቧሂት ጫፍ (4,430) ወጥታችሁ ወደ ጨነቅ ተመለሱና ከሰዓት በኋላ በመኪና ውረዱ። ከ4,400 ሜትር በላይ ያለ ተራራ ወጣችሁ ማለት ነው፤ ራስ ዳሽን የሚበልጠው በ120 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ጅብራ
ቀስ በቀስ ያለውን በሙሉ እስማማበታለሁ፤ አንድ ልጨምር። ራስ ዳሽን በቁመቱ ይስባል እንጂ በእይታ ከግጭና ከእሜት ጎጎ ጋር አይወዳደርም። ዓለም የሚያውቀው የሰሜን ገደል፣ ያ ከእግር ሥር ወደ ቆላው የሚቆረጠው ግድግዳ፣ ያለው ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ባለው ጠርዝ ላይ ነው። የአምቢቆ መንገድ እርሻና መንደር የበዛበት ሸለቆ ነው። የራስ ዳሽኑ ቀን ደግሞ 1,350 ሜትር ዳገት ወጥቶ ያንኑ መውረድ ነው። ጫፉ ሥር ስትደርሱ የትኛው ራስ ከፍ እንደሚል በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ የመጨረሻዋ ድንጋይ ላይ በእጅ ጭምር ነው የሚወጣው።

6 ቀን ቢኖረኝ ለገደሉ እሰጠዋለሁ፤ ግጭ ሁለት ሌሊት፣ ጨነቅ ሁለት ሌሊት። ግጭ ላይ በሁለተኛው ቀን ያለ ጓዝ እሜት ጎጎ ወጥቶ ወደ ግጭ መመለስ ይቻላል። ጨነቅ ላይ በሁለተኛው ቀን እናትዬን (4,070) ወይም ቧሂትን። እንዲህ የሄደ ሰው አንድም ቀን አይቻኮልም፣ ዋልያውንም ጭላዳውንም በደንብ ያያል።

ሜሪላንዷ
በጣም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግን ከራስ ዳሽን ሌላ መስማት አይፈልግም። ጥር 19 ድረስ ማራዘም እንችላለን። ከፍታው ለሁላችንም እኩል ነው? ወንድሜ «እኔ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፣ ምንም አይለኝም» ይላል። የከፍታ ሕመም መከላከያውን ዳያሞክስ እንውሰድ?

ነርሷ
ወንድምሽ ከፊል እውነት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ወለል ከመጣ ሰው የተሻለ መነሻ አለው። ግን 2,300 እና 3,600 የተለያዩ ናቸው፤ እሱም ሊታመም ይችላል። እናንተ ደጋ ብትወለዱም ሜሪላንድ ስትኖሩ ልምዱ ጠፍቷል፤ ሰውነት ከፍታን ከለመደው በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ጥር 8 ገብታችሁ አዲስ አበባና ጎንደር 5 ሌሊት ማደራችሁ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ያን አታሳጥሩት።

ምልክቶቹን ሁላችሁም እወቁ። ራስ ምታት ካለ፣ ከዚያ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ወይም ማዞር ከተጨመረ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ሕጉ ሦስት ነው። ምልክት ያለበት ሰው ከፍ ብሎ አያድርም። ባለበት አርፎ ካልተሻለው ይወርዳል። እየባሰበት ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፣ ብቻውንም አይላክም።

የሚያስፈሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይደነባበራል። መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዝን ከጣት እያስነካ እንዲሄድ አድርጉት፤ ካልቻለ ጊዜ የለም። ሁለተኛው ሳንባ ውሃ ሲይዝ ነው፤ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይስላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ለሁለቱም መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጠዋት እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ዳያሞክስ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚወሰደው። ለመከላከያ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣት መደንዘዝና ሽንት ማብዛት የተለመደ ነው። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይውሰድ። ሌላው ነገር፣ መድኃኒቱ ቶሎ ለመውጣት ፈቃድ አይሆንም፤ ከላይ የተሰጠው የአዳር ቅደም ተከተል ሳይነካ የሚጨመር ነው።

ለባለቤትሽ፦ የግፊት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ከፍታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊት ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። የሚወስደው ውሃ የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነ ዳያሞክስም ያንኑ ስለሚሠራ ውሃና ፖታሲየም በአንድ ላይ ያጣል፤ ይህን ከመነሳቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ግፊትን ስለሚያውክ እሱ ፓራሲታሞል ይያዝ። መድኃኒቱ በቅሎ ላይ ሳይሆን በራሱ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

አረቄና ጠላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይቅሩ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ፤ ሁለቱም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ቡና ለለመደ ሰው ግን ቡናውን አትከልክሉት። በድንገት ያቋረጠ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያኔ ከፍታ ይሁን ቡና መለየት አይቻልም።

የደባርቅ ልጅ
ስለ አሠራሩ ልጻፍ። ከሁሉ በፊት ግን ጸጥታው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዶች ያለ ማስጠንቀቂያ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ከዚያ ጎንደር ሆናችሁ በዋዜማው እንደገና፣ ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ መንገዱንም ካምፖቹንም ጠይቁ። ክፍት ነው ከተባለም በማለዳ ተነሱ፣ ከመሸ በኋላ አትጓዙ። ያልተረጋጋ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ምዝገባው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። ፓስፖርትና መታወቂያ ያዙ፤ የዜጋና የውጭ አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ክፍያ ይለያያል፣ ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ አምጡ። ስካውት ግዴታ ነው፣ መሣሪያ ይዞ አብሯችሁ ይሄዳል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ሁሉ እዚያው ይገኛሉ፣ በማኅበር ተራ የሚሠሩ ናቸው። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር የመጣ እንግዳ ብዙው ወደ እኛ ስለሚወጣ በቅሎና ስሊፒንግ ባግ ያልቃል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አስይዙ።

አንድ በቅሎ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ይጫናል። የእናንተ ሂሳብ እንዲህ ነው፦ ለሰው 12 ኪሎ ብትሉ 48፣ ሁለት ድንኳንና ፍራሽ 14፣ ወጥ ቤቱና ነዳጁ 25፣ ስንቁ 20 ኪሎ ያህል። በድምሩ 107። የሠራተኞቹ ጓዝ ሲጨመር 4 በቅሎ አይበዛም። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ አታምጡ፤ የበቅሎን ጎን ይወጋል፣ መጫኛውም አይይዘውም። ለስላሳ ቦርሳ አምጡና ደባርቅ ላይ ማዳበሪያ ገዝታችሁ እሱ ውስጥ ክተቱት፤ ከገመድ መፋቅና ከአቧራ ያድነዋል። ውስጡ ያለውን ደግሞ በፌስታል ጠቅልሉ።

በቅሎና እግረኛ አንድ መንገድ አይሄዱም። እናንተ በገደሉ ጠርዝ ወደ እሜት ጎጎ ስትሄዱ በቅሎዎቹ በአቋራጭ ወደ ጨነቅ ይሄዳሉ። ከጠዋት እስከ ማታ የምታገኙት በጀርባችሁ የያዛችሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ከእናንተ ጋር፦ 2 ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ ሙቅ ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ መድኃኒት። ጃኬቱን «ካምፕ ስደርስ እለብሳለሁ» ብሎ በቅሎ ላይ የጫነ ሰው በቅሎው ሲዘገይ በላብ ርሶ ነፋስ ላይ ይቆማል።

ስካውቱና በቅሎ ነጂዎቹ ስንቃቸውን ራሳቸው ይይዛሉ ወይስ ከእናንተ ድስት ይበላሉ የሚለውን ደባርቅ ላይ ተነጋገሩ። በብዙ ጉዞ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማታ የት እንደሚተኙና ብርድ ልብስ እንዳላቸውም እዩ። በስስ ነጠላ ሌሊቱን የተንቀጠቀጠ ሰው ጠዋት ተነስቶ የ9 ሰዓት መንገድ እንዲመራ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ስንቅ ቋጣሪ
ስለ ምግብ። ከውጭ የደረቀ የታሸገ ምግብ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ አገራችን ውስጥ ለተራራ የተሠራ የሚመስል ስንቅ አለ። ለአንድ ሰው በቀን እንዲህ ቋጥሩ፦

በሶ 150 ግራም፣ ድርቆሽ 150፣ ሽሮ 80፣ ዘይት 40፣ ቆሎ 100፣ ኦቾሎኒ 80፣ ማር ወይም ስኳር 50። ድምሩ 650 ግራም፣ ጉልበቱ 2,700 ካሎሪ አካባቢ። ይህ ሁሉ የጾም ነው፤ የወንድምሽ ሚስት ረቡዕና ዓርብ ምንም አይቸግራትም፣ አብሳዩም ሁለት ድስት አያቆምም። ለሚፈልግ እንቁላልና ቅቤ ከደባርቅ ይገዛል።

እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይሆናል። ጥቅልሉን በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ የዘጋ ሰው በውስጡ ላብ ስለሚይዝ ቶሎ ይሻግትበታል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶን ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ድርቆሽ። ድርቆሹን ከመነሳታችሁ በፊት እስኪንኮሻኮሽ ድረስ አድርቁት፤ መሐሉ ለስላሳ የቀረ ከሆነ ይበላሻል።

ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ስለማይበቃ ምስርና አተር ክክ ሰዓት ይፈጃል፣ ባቄላና ሽምብራ ፈጽሞ አይሞከርም። ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ ይበስላል። ሩዝ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ዘፍዝፉት። ምስር የግድ ካስፈለገ ጠዋት ከመንገድ በፊት በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ነክሩት፣ ማታ ለስልሶ ይጠብቃችኋል።

ከፍታ ላይ ምግብ አልበላ ይላል። ያኔ ጠጣር ነገር ከማስገደድ በሶ በውሃና በማር በጥብጦ መስጠት ይሻላል። መንገድ ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ በኪስ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ቆሎ አይበላም።

ነዳጅ፦ የጋዝ ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ውድ ምድጃ አምጥታችሁ ጣሳው ሳይገኝ ትቀራላችሁ። ቢገኝም ተራ ቡቴን የሆነው ብርድ ላይ በደንብ አይተንም፣ ማለዳ እሳቱ ደካማ ይሆናል። የአብሳዮቹ የላምባ ምድጃ ይበቃል፤ ለ4 ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያዙ። ከፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። አስታው በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፣ ደግሞም ሲደርቅ እንደ ችቦ ነው የሚነደው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ የደረሰው ቃጠሎ ምን ያህል ጓሳና አስታ እንደወሰደ የሚያውቅ ያውቃል፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ሰዎች መጥተው ነበር። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ ሲጋራ እንኳ መሬት ላይ አይጣል።

ጓሳ ሜዳ
ልብስና አዳር። ጥር ላይ ቀን ፀሐይ ነው፣ በሸሚዝ ይኬዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ብርዱ በአንዴ ይወርዳል፤ ግጭና ጨነቅ ላይ ማለዳ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ነው።

ስሊፒንግ ባግ፦ ምቹ ሙቀቱ −5 ወይም ከዚያ በታች ተብሎ የተጻፈበት። ከሜሪላንድ ይዛችሁ ኑ፤ ለወንድምሽም ጨምሩ። የሚከራዩት ብዙ ጊዜ የሳሱ ናቸው፤ የግድ ከተከራያችሁ ሁለቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጉ። ከላይ ካለው ይልቅ ብርዱ የሚያስጨንቀው ከመሬት ነው፤ ፍራሹ ቀጭን ከሆነ ሁለት ደርቡ። ሲመሽ ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑ በማያፈስ ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አስገቡ። ጠዋት ያው ውሃ ይጠጣል።

የጥጥ ልብስ ለመንገድ አይሆንም። ላብ ይይዛል፣ አይደርቅም፣ ቆማችሁ ነፋስ ሲነካችሁ ሙቀት ይወስዳል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ በላዩ ፍሊስ፣ በላዩ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ። ኮፍያና ጓንት ሁለቱም። የፀሐይ መነጽርና ክሬም አትርሱ፤ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረሩ ይጠነክራል፣ አፍንጫና የጆሮ ጫፍ በአንድ ቀን ይላጣል፣ ለጥቁር ቆዳም ቢሆን።

ውሃ ማጣሪያ የምታመጡ ከሆነ ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብሯችሁ ይተኛ። በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ማጣራቱን ግን አቁሟል። ማፍላት ከሆነ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ። ውሃ አጋር (ውሃ የሚያክመውን ክሎሪን) የምትጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ ባለው መጠን፣ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ስለሚሆን ግን ከተጻፈው ሰዓት እጥፍ ጠብቁ። የስልክ ባትሪም እዚያው ባግ ውስጥ ይደር።

ጋቢ አይቀርም
ጥጥ አይሆንም ለተባለው፣ ለመንገድ እስማማለሁ። ለካምፕ ግን ጋቢን የሚተካ የለም። ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ድንኳን ውስጥ በስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብ። 4 ሰው ከሆናችሁ 2 ጋቢ በቅሎ ላይ ጫኑ።

ጓሳ ሜዳ
ደረቅ እስከሆነ ድረስ ልክ ነህ። ደርቦ ለመተኛት ግን ድንኳኑ ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበት እንዳይነካው መሐል ላይ ይደረግ፤ ጠዋትም ከመጠቅለሉ በፊት ፀሐይ ይምታው። የራሰ ጋቢ ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ለቀናት አይደርቅም።

ቁልቁለት
ስለ እግር ማንም አላነሳም። በዚህ መንገድ ሰውን የሚያስቀረው ከሳንባ ቀጥሎ ጉልበት ነው፤ እሱም በዳገት ሳይሆን በቁልቁለት። ከቧሂት በር እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ተከታታይ ቁልቁለት ነው፣ ድንጋዩ ይንከባለላል። ሁለት ምርኩዝ ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ትንሽ አስረዝሟቸው። ርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይዘርጋ።

ጫማው አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ለአንድ ወር ሜሪላንድ ላይ በዳገት ይለመድ። ከወፍራም ካልሲ ጋር ጣት ፊት ለፊት እንዳይነካ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ይሻላል። የእግር ጥፍር ከመነሳት ሁለት ቀን በፊት በአጭሩ ይቆረጥ፣ አለዚያ ቁልቁለቱ ላይ ይጠቁራል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆማችሁ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ አጥብቁ፤ እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ቦታ ሲያቃጥላችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ፕላስተር ለጥፉ። «ካምፕ ስንደርስ» ከተባለ ውሃ ቋጥሮ ነው የሚደረሰው። ውሃ ከቋጠረ ቆዳውን አታንሱት፤ በአልኮል በጸዳ መርፌ ጠርዙ ላይ ብሱት፣ ፈሳሹ ይውጣ፣ ሸፍኑት።

ዋልያ ተከታይ
ስለ እንስሳቱና ስለ ገደሉ።

ዋልያ ለማየት ጨነቅ ነው ቦታው፤ ማለዳና ወደ ማታ ገደሉ ሥር ባለው ሣር ላይ ይወጣሉ። ድምፅ ቀንሱ፣ ከበላያቸው አትቁሙ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ሣር ስለሚበላ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ምግብ አትስጡ፤ የለመደ ዝንጀሮ የገበሬውን ገብስና የእንግዳውን ቦርሳ አይለይም። በመንጋው መሐል አትሂዱ፣ ዓይናቸውን ትኩር ብላችሁ አትዩ። ቀይ ቀበሮ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሸሽ ነው፣ ካያችሁት ባላችሁበት ቁሙ።

የሚያስፈራው እንስሳ የመንደር ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። ወደ መንደርና ወደ በግ መንጋ ስትጠጉ ስካውቱ ይቅደም፣ አትሩጡ። የነከሰ ውሻ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም ክትባቱ ካልተገኘ ወደ ጎንደር። ጉዞውን ልጨርስ አይባልም።

ገደሉ ጠርዝ ላይ ሣሩ መሬት ይመስላል፤ አንዳንዱ ሥሩ ባዶ ነው። ለፎቶ ብላችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉን ይሸፍናል፤ ያኔ አትከፋፈሉ፣ ስካውቱ ካለበት አትራቁ። እሜት ጎጎ ላይ ማለዳ ድረሱ።

ራስ ዳሽን ቀን ከአምቢቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት የትም ሁኑ የት የመመለሻ ሰዓት ይሁን፤ ይህን ከአምቢቆ ሳትነሱ ተስማሙ፣ ጫፉ ሲታይ ማንም አይስማማም።

ሜሪላንዷ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል፦ እስከ ጨነቅ እንደተባለው። ጥር 15 ማታ ጨነቅ ላይ ከ4ቱ አንዱም ራስ ምታት ካለው ጥር 16 ቧሂት ጫፍ ብቻ ወጥተን እንመለሳለን። ሁላችንም ደህና ከሆንን ወደ አምቢቆ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሹፌሩን ለሁለቱም እንዴት አድርገን እንቀጥረው? ከአምቢቆ ያንን ዳገት መመለስ ጉልበቴን ያስፈራኛል።

የደባርቅ ልጅ
የመኪና መንገዱ ጨነቅ ላይ አያበቃም፤ በቧሂት በር በኩል አልፎ ወደ ጭሮ ልባ መንደር ይወርዳል። ጠጠር ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ጥር 18 መኪናው እስከ ጭሮ ልባ ከመጣላችሁ የዳገቱን ትልቁን ክፍል ያስቀርላችኋል።

ሹፌሩን እንዲህ ቅጠሩት፦ ጥር 16 ከቀኑ 8 ሰዓት ጨነቅ እንዲገኝ፣ ክፍያውም ተሳፈራችሁም ቀራችሁም የዚያ ቀን ሙሉ ዋጋ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ኔትወርክ ሸንተረር ላይ አለ፣ ሸለቆ ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ «እደውልልሃለሁ» የሚል ውል አትግቡ። ወደ አምቢቆ ከቀጠላችሁ ጨነቅ ላይ ላለው ስካውት በወረቀት ጽፋችሁ ተዉለት፦ «ጥር 18 ከቀኑ 7 ሰዓት ጭሮ ልባ»። ሹፌሩ ያንን አንብቦ ይመለሳል። ጥር 18 እስከ 10 ሰዓት ካልመጣ ሳትጠብቁ እዚያው መንደር እደሩ፣ ጠዋት በቅሎ ተከራይታችሁ ውጡ። ገንዘቡን በጥሬው ያዙ፣ ከደባርቅ በላይ ባንክ የለም። ዝርዝር ብርም አይጥፋችሁ።